ችሎት ሳያልቅ የሚነሳ ክርክር፦ በአሜሪካ የጁሪ መመሪያ ሲያጣላ

የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው አንድ ቀን ለጁሪ አገልግሎት፣ ማለትም ከሌሎች ተራ ዜጎች ጋር ተቀምጦ በተከሰሰ ሰው ላይ እንዲፈርድ፣ ቅረብ የሚል ፖስታ ሊደርሰው ይችላል። አገር ቤት የለመድነው ነገር ስላልሆነ መጀመሪያ ግር ይላል። ሕግ ያልተማረ ሰው እንዴት በሰው ላይ ይፈርዳል?

ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ምን ተፈጸመ፣ ማን ፈጸመው የሚለው የጁሪው ድርሻ ነው። ሕጉ ምን ይላል የሚለው የዳኛው ነው። ዳኛው ሕጉን ለጁሪው የሚያስረዳበት ጽሑፍ የጁሪ መመሪያ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ ሊያልቅ ሲል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። «ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማለት እነዚህ ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው፤ አንደኛ እንዲህ፣ ሁለተኛ እንዲህ» እያለ። ሲሰሙት እንቅልፍ ያመጣል። ግን መዝገቡ የሚሞተውም የሚድነውም እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ለምን? ጁሪ ምክንያቱን አይጽፍም። የኢትዮጵያ ዳኛ ሲፈርድ ማስረጃውን መዝኖ፣ ሕጉን ጠቅሶ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ነው። ይግባኝ የሚል ሰው ያንን አንብቦ «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ይላል። ጁሪ ግን ገብቶ በሩን ዘግቶ ተማክሮ ይወጣና «ጥፋተኛ ነው» ወይም «ጥፋተኛ አይደለም» ብቻ ይላል። ውስጥ ምን እንዳሰቡ አይጻፍም። የይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ በትክክል ሠርቷል ወይ ብሎ ለማየት ከሚያገላብጣቸው ጥቂት ነገሮች ዋናው መመሪያው ነው። ስለዚህ ጠበቆች በአንዲት ቃል ላይ ቀኑን ሙሉ ቢጨቃጨቁ አይገርምም።

የአርተር አንደርሰንን ጉዳይ እንይ። ድርጅቱ ከዓለም ትልልቅ የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች አንዱ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ወደ 85,000 ሠራተኛ ነበረው። የሂዩስተኑ የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ሲወድቅ፣ ሒሳቡን ይመረምር የነበረው አንደርሰን ብዙ ሰነድ ቆራርጦ ማጥፋቱ ታወቀ። ክሱ ሠራተኞቹ ሰነድ እንዲያጠፉ «በተንኮል አግባብቷል» የሚል ነበር። ድርጅቱ ደግሞ «የቆየ ወረቀት አስወግዱ የሚል መደበኛ መመሪያ ነበረን፤ እሱን ነው የተከተልነው» አለ። እንግዲህ ሁሉም ነገር «በተንኮል» ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያ አካባቢ ፍርድ ቤቶች የተለመደው የመመሪያ ናሙና ቃሉን ሲፈታ፣ አድራጊው እያወቀና ሐቀኝነት በጎደለው መንገድ የምርመራን ሂደት ለማፍረስ ወይም ለመሸርሸር ማሰቡን ይጠይቃል። ዐቃቤ ሕግ «ሐቀኝነት በጎደለው መንገድ» የሚለው ይውጣልኝ አለ። ከማፍረስና ከመሸርሸር ጎን «ማደናቀፍ» የሚል ቃል ይጨመርልኝ አለ። ተከላካዮቹ ተቃወሙ። ዳኛዋ የዐቃቤ ሕግን ተቀበሉ። ድርጅቱ ሥራው ሕጋዊ ነው ብሎ ከልቡ አምኖ ቢሆን እንኳ ጥፋተኛ ማለት ትችላላችሁ ተብሎ ለጁሪው ተነገረው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ሰነድ ያስወገደ ድርጅት ሁሉ ምርመራን በሆነ መንገድ ያደናቅፋል። ሐቀኝነት የሚለውን ካወጡት ደግሞ ሐሳቡ ምንም ይሁን ምን መግቢያው ሰፊ ነው። ጁሪው 7 ቀን ተማከረ፣ አልስማማም አለ። ዳኛዋ እንደገና ሞክሩ ብለው መለሷቸው። ከ3 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 2002 ላይ፣ «ጥፋተኛ» ብለው ወጡ። እንዲህ ያመነታ ጁሪ ያቺ የወጣች ቃል ብትኖር ኖሮ ምን ይል ነበር? ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ሌላ ይል ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይግባኙ መጀመሪያ ወደቀ። ከዚያ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በግንቦት 2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ መመሪያው ስህተት ነው ብሎ ፍርዱን ሻረ። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛው ዊልያም ሬንኲስት ነበሩ። ድርጅቱ ግን እስከዚያ የለም። ደንበኛው ሸሽቷል፣ ሠራተኛው ተበትኗል፣ የሒሳብ ምርመራ ፈቃዱንም በ2002 ክረምት መልሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ዳኛዋ ያንን መመሪያ ገና ከማንበባቸው በፊት ለምን አልታረመም? ጠበቆቹ እኮ በጊዜው ተቃውመዋል።

መልሱ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተከሳሽ በየመንገዱ ይግባኝ ማለት አይችልም። ጠቅላላ ደንቡ፣ መጀመሪያ ክርክሩ ይለቅ፣ ፍርድ ይሰጥ፣ ከዚያ ሁሉንም ቅሬታ አንድ ላይ ይዘህ ና ነው። ይሄ ለኛም አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 184 ላይ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መቃወሚያ ወይም ስለ ማስረጃ ተቀባይነት በመሃል በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ለብቻው ይግባኝ እንደማይባል ይደነግጋል፤ ቅሬታው ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ይነሳል። ሐሳቡ አንድ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ ክስ የሚባል ነገር አያልቅም። ምስክር ይደክመዋል፣ ጁሪውም ቤቱ ተቀምጦ ያረጃል።

ተከሳሹ ማድረግ ያለበት ቅሬታውን መዝገብ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዳኛውና የሁለቱ ወገን ጠበቆች ጁሪው በሌለበት ተቀምጠው መመሪያውን መስመር በመስመር ይወያያሉ። ጁሪው ለመማከር ከመግባቱ በፊት ጠበቃው ይህን ቃል እቃወማለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው ማለት አለበት። ዝም ካለ ወይም በደፈናው «እንቃወማለን» ብቻ ካለ በኋላ ይግባኙ ይከብደዋል፤ የላይኛው ፍርድ ቤት የሚያየው ዓይን አውጣ የሆነ፣ ውጤቱን የነካ ስህተት ካለ ብቻ ነው። በጊዜው ተቃውሞ ካቀረበ ደግሞ ስህተቱ በርግጥ ጎድቶታል ወይ የሚለው ይመረመራል። እዚህም ደረጃ አለ። ከወንጀሉ መመዘኛዎች አንዱን መዝለል ሁልጊዜ ፍርዱን አያፈርስም፤ ማስረጃው የማያከራክር ከሆነ ሊታለፍ ይችላል። «ከጥርጣሬ በላይ» የሚለውን የማስረጃ ልክ አዛብቶ መንገር ግን ይቅር የማይባል ነው፤ ፍርዱ ይፈርሳል።

እስካሁን ያልነው ስለ ተከሳሽ ነው። የዐቃቤ ሕግ ነገር ሌላ ነው፤ ጉዳዩም የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

አገር ቤት ተከሳሽ ነፃ ሲወጣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ይላል። ከላይ የጠቀስኩት ሕግ አንቀጽ 185 ይህን መብት በግልጽ ይሰጠዋል። የሥር ፍርድ ቤት ነፃ ያለው ሰው የበላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲለው ብዙ ጊዜ ሰምተናል። አሜሪካ ውስጥ ይሄ የለም። ሕገ መንግሥቱ አንድን ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ ለአደጋ፣ ማለትም ለመቀጣት አደጋ፣ ማጋለጥን ይከለክላል። ጁሪው «ጥፋተኛ አይደለም» ካለ አለቀ። ጁሪው ተሳስቶ ቢሆን፣ ዳኛው ሕጉን ገልብጦ ነግሮት ቢሆን፣ ልዩነት የለውም። ፈሰሰ፤ አይታፈስም።

እስከ የት ድረስ ይሄዳል? ዲትሮይት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ባዶ ቤት ተቃጠለ። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ ፍንዳታ ሰምቶ ሲያይ፣ አንድ ሰው የቤንዚን ጀሪካን ይዞ ከሚነደው ቤት ሲሮጥ አገኘ። ሰውየው ተከሰሰ። ክሱ «ሌላ ንብረት» ማቃጠል የሚል ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ተከላካይ ጠበቃው የሚቺጋንን የጁሪ መመሪያ መጽሐፍ ማብራሪያ ጠቀሰ፤ ዐቃቤ ሕጉ ቤቱ መኖሪያ አለመሆኑን ማስረዳት ነበረበት፣ አላስረዳም አለ። ዳኛው ተቀበለና ሰውየውን ነፃ አለው። ስህተት ነበር። ሕጉ እንደዚያ ያለ መመዘኛ የለውም። ስህተት መሆኑን ሁሉም ወገን አምኗል። ቢሆንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2013፣ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ነፃ የተባለ ሰው ነፃ ነው፤ ዳግም አይከሰስም አለ።

አሁን ራስህን በፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቦታ አድርገው። ክሱ መሃል ላይ ነው። ዳኛው ለጁሪው የተሳሳተ ሕግ እነግራለሁ ብሏል። ተከሳሹ ቢሸነፍ ይግባኝ አለው። አንተ ብትሸነፍ ምንም የለህም። ለመንግሥት አንዳንድ የመሃል ይግባኞች በሕግ ተፈቅደዋል፤ ለምሳሌ ማስረጃ ሲታገድበት ወይም ክሱ ሲሰረዝበት። የጁሪ መመሪያ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የቀረህ አንድ ቀዳዳ ነው፤ ስሙ ማንዴመስ።

ማንዴመስ ይግባኝ አይደለም። የበላይ ፍርድ ቤት ለሥር ዳኛ «ይህን አድርግ» ወይም «ይህን ተው» ብሎ የሚሰጠው ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው። በር ማንኳኳቱ ቀላል ነው፤ መግባቱ ከባድ። ጠያቂው ሌላ መውጫ መንገድ እንደሌለው ማሳየት አለበት። መብቱ የማያከራክር ግልጽ መሆን አለበት፤ «እኔ ልክ ነኝ ብዬ አስባለሁ» አይበቃም። ያ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ፍርድ ቤቱ ጣልቃ መግባቱ ተገቢ መሆኑን ማመን አለበት። በጥቅሉ ሲታይ ዳኛ ተሳሳተ ማለት ብቻ ዋጋ የለውም፤ ዳኛ ይሳሳታል፣ ለዚያም ነው ይግባኝ ያለው።

የመጀመሪያው መስፈርት ላይ ነው ተከሳሽና ዐቃቤ ሕግ የሚለያዩት። ተከሳሽ ማንዴመስ ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መልኩ «በኋላ ይግባኝ አለህ፣ ጠብቅ» ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን «በኋላ የለኝም» ማለት ይችላል። ፊላደልፊያ የሚቀመጠው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1994 ይህን መንገድ በግልጽ ከፍቶታል። መመሪያው በግልጽ ስህተት ከሆነ፣ ክሱን የማክሸፍ ዕድሉ ከፍተኛ ከሆነና መንግሥት በሌላ መንገድ ሊያርመው ካልቻለ፣ ማንዴመስ ሊሰጥ ይችላል አለ። በዚያ መዝገብም ትእዛዙን ሰጥቷል።

ሂዩስተን ላይ የሆነው ደግሞ የበለጠ ከባድ ነበር። ግንቦት 2003 በቴክሳስ ቪክቶሪያ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ተገኘ። ተጎታቹ ውስጥ ከ70 በላይ ስደተኞች ታጭቀው ነበር፤ 19ኙ በሙቀትና በአየር እጦት ሞቱ። ብዙ ሰው ተከሰሰ። የሞት ቅጣት የተጠየቀበት ግን ሹፌሩ ብቻ ነው፤ ጥቁር ነው። የችሎቱ ዳኛ ቫኔሳ ጊልሞር፣ ለምን እሱ ብቻ ተመረጠ የሚለውን ዐቃቤ ሕግ እንዲያስረዳ አዘዙ። ዐቃቤ ሕግ ይህ የውስጥ ውሳኔያችን ነው ብሎ እንቢ አለ። ዳኛዋ እንቢታውን ለጁሪው እነግረዋለሁ አሉ።

ለሰውየው የሚያዝን ሰው ዳኛዋን ቢደግፍ አይፈረድበትም። ጥያቄያቸው የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ችግሩ መንገዱ ነው። አድልዎ አለ ብሎ የመንግሥትን ሰነድ ለመጠየቅ መጀመሪያ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ሌሎች ሰዎች በተለየ መንገድ መታየታቸውን የሚያመላክት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ይህንን ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀድሞ ወስኖታል። በ2005 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ኒው ኦርሊንስ ወዳለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሮጠ፤ ማንዴመስም አገኘ። ጁሪው ያንን ነገር ከዳኛዋ አፍ ሳይሰማ ክርክሩ ቀጠለ። ሹፌሩ በመጨረሻ ጥፋተኛ ተባለ፤ ጁሪው ግን ሞት አልፈረደበትም።

እዚህ ላይ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ሕግ ተከሳሹ «ለአደጋ ተጋልጧል» የሚባለው ጁሪው ከተመረጠ በኋላ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ነው። ከዚያ በፊት ክሱ ቢቆም ወይም ቢዘገይ እንደገና መጀመር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ጁሪው ባለበት እያለ፣ ውሳኔ ሳይሰጥ፣ በጥድፊያ ካልታረመ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ብልጥ ዐቃቤ ሕግ ክርክር ያለበትን መመሪያ መሐላው ከመፈጸሙ በፊት ይወሰንልኝ ይላል።

በ2024 ፍሎሪዳ ላይ የታየው ይሄው ነው። ዶናልድ ትራምፕ ከኋይት ሀውስ ከወጡ በኋላ ምሥጢራዊ ሰነዶችን ያለ ፈቃድ ይዘው ቆይተዋል ተብለው ተከሰው ነበር። ዳኛዋ ኤይሊን ካነን መጋቢት ላይ ሁለቱም ወገኖች የመመሪያ ረቂቅ እንዲያቀርቡ አዘዙ። ከሰጧቸው ሁለት መላምቶች አንዱ፣ አንድን ሰነድ የግሌ ነው ብሎ መመደብ የፕሬዚዳንቱ ብቸኛ ሥልጣን ነው፤ ፍርድ ቤትም ጁሪም ሊመረምረው አይችልም የሚል ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጃክ ስሚዝ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ያለ መልስ ጻፉ። ይህ ሐሳብ መሠረቱ ስህተት ነው፤ ጁሪው ይህን ከሰማ ነፃ ከማለት ውጭ ምርጫ አይኖረውም፤ ይህ መመሪያ ይሁን ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩን፣ ወደ በላይ ፍርድ ቤት እንሂድ አሉ። የጠቀሱትም ያንን የ1994ቱን የፊላደልፊያ ውሳኔ ነው።

ልብ በሉ፤ ከዳኛዋ የለመኑት በዋናነት «ወስኑልን» የሚል ነው። ማንዴመስ ለመጠየቅ የተወሰነ ነገር ያስፈልጋል። ዳኛ «ገና እያሰብኩ ነው» ካለ የሚሻር ትእዛዝ የለም። ጁሪው መሐላ ፈጽሞ ክርክሩ ከተጋመሰ በኋላ ዳኛው ያንን መመሪያ ቢያወጣው፣ ዐቃቤ ሕጉ የቀረው ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ነው። ዳኛ ካነን ከሁለት ቀን በኋላ መለሱ፤ ክሱ በዚህ ምክንያት አይሰረዝም አሉ፣ መመሪያውን ግን ከወዲሁ አልወስንም፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ታይቶ አይታወቅም፣ ፍትሐዊም አይደለም አሉ። ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ነገር ብለዋል ለማለት ይከብዳል። ዳኛ ረቂቅ መጠየቁ ተራ ነገር ነው፤ ገና ጁሪ ሳይመረጥ መመሪያ ወስኑ መባሉም የተለመደ አይደለም። ግን ያቺን መላምት ክፍት አድርጎ መተው ለአንዱ ወገን ብቻ የሚመች መሆኑን ለማየት የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም።

አንዳንድ ዳኞች ይህን አለመመጣጠን አውቀው በጥበብ ይሄዱበታል። ማስረጃው አይበቃም ብሎ ራሱ ነፃ ሊለው የሚያስብ ዳኛ ውሳኔውን አቆይቶ ጁሪው መጀመሪያ እንዲናገር ያደርጋል። ጁሪው ጥፋተኛ ካለ በኋላ ዳኛው ቢሽረው፣ መንግሥት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ቢረታ የጁሪው ውሳኔ ይመለሳል እንጂ አዲስ ክርክር አይደረግም። ዳኛው ከጁሪው በፊት ነፃ ካለው ግን እንደ ዲትሮይቱ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ማንዴመስን በየክሱ ማውጣት ለምን አይፈቀድም ለሚል ሰው፣ ችሎት ውስጥ ተቀምጦ ቢያይ ይገባዋል። ዳኛው ጁሪውን ያስወጣል። ጠበቆች ይሯሯጣሉ። በላይኛው ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ሌላ ሥራቸውን ትተው የጥድፊያ ማመልከቻ ያነባሉ። የጁሪው አባላት ከሥራቸው ቀርተው ነው የመጡት፤ አንዷ ልጅ ትታ መጥታለች። ለምን እንደሚጠብቁ አይነገራቸውም፤ ሊነገራቸውም አይገባም። «ሰኞ ተመለሱ፣ ዜና አትመልከቱ፣ ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር አታውሩ» ተብለው ይሸኛሉ። ሰኞ ሲመለሱ ዳኛው መመሪያውን ያነብላቸዋል። ከአንቀጹ አንድ መስመር ወጥቶ ሌላ ቢገባበት እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም።